ከበሩ የተረፈው ቀለም

ሶዶ ውስጥ መኪናዬን የማያውቅ ሰው ለከተማው አዲስ ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣ ማስቀመጫዋ ከፊት፣ ጀርባዋ ጉብ ያለ፣ ዳገት ስትወጣ የምታጉረመርም ግን ባለቤቷን የማታሳፍር አሮጌ መኪና ናት። ስሟን ባልጠራውም አንባቢ አውቋታል። አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ ከቀሩ ሰዎች የተወለደ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ሲሞት ሁለት ነገር ተወልኝ፤ አንዷ ይህች መኪና ናት፣ ሌላው ቶሎ የሚቆጣ አፍ ነው። መኪናዋን በደንብ ጠብቄ ይዣታለሁ። አፉንም እንደዚያው።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳይ በደንብ እንዲያሳፍረኝ ብዬ ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ባትሪና አምፖል ስንት ጊዜ እንደሣልኩ ቁጥሩን አላውቀውም። አንድ ገመድ መሄጃ፣ አንድ ገመድ መመለሻ። መመለሻው ከተበላሸ መሄጃው ምንም አይፈይድም። ይህችን ጥያቄ የሳተ ተማሪ ካጋጠመኝ ክፍሉ ፊት አስነስቼ ሳላፋጥጠው አላልፍም ነበር።

ባለቤቴ ከሶዶ ብዙ የማትርቀው የሻንቶ ከተማ ልጅ ናት። ኦቶና ሆስፒታል አዋላጅ ሆና ትሠራለች። አንድ ታናሽ ወንድም አላት፤ ሻንቶ ገበያው ዳር ባትሪና የሞተር ዘይት የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው፣ ቤቱም ከሱቁ ጀርባ ነው። እኔ ለእናትና አባቴ አንድ ነኝ። ወንድም ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ካገባሁ በኋላ፣ በእሱ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖናል።

ለመጀመሪያ ጊዜ አማች ሆኜ ሻንቶ የሄድኩ ዕለት፣ በልተን ጠጥተን ስንወጣ ዘመዱ ሁሉ ሊሸኘን ደጅ ቆሟል። እኔ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ቁልፉን ባዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጭጭ አለ። ደግሜ ባዞርም ያው ነው። ላብ አጠመቀኝ። ያኔ ቀጭን ወጣት የነበረው የባለቤቴ ወንድም አዲሱን ኮቱን አወለቀና ለእህቱ ሰጣት፤ ከኋላ ሄዶ በሁለት እጁ ገፋ። መኪናዋ ተነሳች። ጣሪያዋን ሁለቴ መታ መታ አደረገና ሸኘን።

ሞተሪኖው በዚያው ሳምንት ተሠራ። የእሱ መግፋት ግን አልቀረም። ሰው እንግዳውን ሲሸኝ ጥቂት መንገድ አብሮ ይሄዳል፤ ከመኪና ጋር አብሮ መሄድ ስለማይቻል እሱ ይገፋል። እኔም ቁልፉን ከፍቼ፣ ሳላስነሳ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ እጠብቀዋለሁ። ስንት በዓል፣ ስንት ለቅሶ፣ ስንት ክርስትና ከሻንቶ ስንመለስ እንዲህ ነው የተመለስነው። መንገደኛው መኪናዋ የማትነሳ ይመስለው ነበር። እኛ ግን እናውቃለን።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ። እዚህ መስከረም ላይ የወላይታ አዲስ ዓመት ጊፋታ ሲቃረብ ሳይታጠብ፣ ሳይለቀለቅ፣ ሳይቀባ የሚቀር ነገር የለም። እኔ መስቀልን ይዤ ያደግሁ ነኝ፤ ባለቤቴ ጊፋታን ይዛ መጣች፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚውሉ ቤታችን አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ያለፈው ዓመት ጊፋታ ሲደርስ የግቢውን የብረት በር አረንጓዴ ቀባሁት። ከቆርቆሮው ግርጌ ትንሽ ቀለም ተረፈ። የተረፈ ነገር መጣል አባቴ አላስተማረኝም።

ዞር ዞር ብዬ የሚቀባ ነገር ሳጣ መኪናዋን አየሁ። ባትሪዋ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው ያለው። መቀመጫውን ባነሳው ወለሉ ዝጓል። ባትሪውን አውጥቼ፣ ገመዱን ፈትቼ፣ ዝገቱን ፍቄ፣ ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት ዙር ቀባሁት። ሲደርቅ ሁሉንም በየቦታው መልሼ አሰርኩ። ባለቤቴ ከበስተጀርባዬ ቆማ መቀመጫ ሥር ያለውን ማን ያየዋል አለችኝ። እግዚአብሔር ያየዋል አልኳት። በሥራዬ በጣም ረክቼ ነበር።

ኅዳር ላይ ሞተሪኖው መለገም ጀመረ። ጠዋት ጠዋት አንዴ ያቃስትና ይተወዋል። ባትሪው ያረጀ ስለነበር አልገረመኝም። እንደ ደንቡ ግን ዲናሞውን መረመርኩ፤ ሞተር ሲሠራ ባትሪውን የሚመግበው እሱ ነውና። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ቁልፍ ሲከፈት ትበራለች፣ ሞተሩ ሲነሳ ትጠፋለች። ከጠፋች ዲናሞው እየሠራ ነው ማለት ነው። ጠፋች። የፊት መብራቱም ሞተሩ ሲሠራ ዓይን ያጠፋል። እንግዲህ ዲናሞው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው ነው ብዬ ደመደምኩ። ክፍል ውስጥ ቢሆን ለዚህ መልስ ሙሉ ውጤት እሰጥ ነበር።

አዲስ ባትሪ ከባለቤቴ ወንድም ወሰድኩ። ሌላ ቦታ መግዛት ነውር ይሆናል። ራሱ በእጁ አስገባልኝ። ጥቂት ሳምንት ደህና ሠራና እሱም ደከመ። መልሼ ወሰድኩለት፤ ምንም ሳይጠይቅ በሌላ ቀየረልኝ። ያም ከጥር አላለፈም። የሚገርመው መኪናዋን ሁለት የሶዶ መካኒኮች አይተዋታል፤ አንዱ ቺንጊያውን አጠበቀ፣ ሌላው የዲናሞውን ካርቦን ቀየረ፤ ሁለቱም ቀይዋን መብራት አይተው ባትሪ ነው አሉ። ሰው የሚፈልገውን ነገር ሁለት ሰው ከነገረው ሦስተኛ አይጠይቅም።

የካቲት ላይ አንድ ቀን ሻንቶ ሄድን፤ የገበያ ቀን ነበር። ሱቁ ደጃፍ ላይ ስደርስ ሞተሩን አጠፋሁት፤ ጥቂት ቆይቼ ላስነሳ ስል ጭጭ። ሱቁ ሰው ሞልቶበታል። ንዴቴ ከእግር ጥፍሬ ተነስቶ እስከ ጆሮዬ ሲደርስ ይሰማኛል፤ ሲደርስ ደግሞ ማቆም አልችልበትም። ወርጄ ሱቁ በር ላይ ቆምኩና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲህ አልኩት።

"ለዘመድ የሞተ ባትሪ የምትሸጥ ለባዳ ምን ልትሸጥ ነው?"

አንድ ሰውዬ ሊገዛ ያነሳውን ባትሪ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠና ወጣ። ይህን አይቻለሁ። አይቼም አልተመለስኩም። የባለቤቴ ወንድም ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ጋሼ፣ ባትሪ ያልሰጡትን አይሰጥም" ብሎኝ ወደ ጓዳ ገባ። እውነቱን ነበር የተናገረው፤ ለእኔ ግን ድፍረት መሰለኝ። መኪናዋን ሁለት ባጃጅ ነጂዎች ገፉልኝ። ጣሪያዋን የመታ እጅ አልነበረም። ባለቤቴ ሶዶ እስክንገባ ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን ስታይ መጣች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፋሲካ መጣ፣ አልተጠራራንም። ባለቤቴ ብቻዋን በሚኒባስ ሻንቶ ትሄዳለች፣ ብቻዋን ትመለሳለች። እኔ ባትሪውን በየሳምንቱ ከመቀመጫው ሥር አውጥቼ በባጃጅ ወደ ቻርጅ ቤት አመላልሳለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ልጅ ክሊኒክ የማመላልስ ይመስል እንዴት ዋለ ይለኛል። ወገቤ ተቀጨ። መኪናዋን ደጃችን ካለው ቁልቁለት ላይ አቆማለሁ፤ ጠዋት ፍሬኑን ስለቀው በራሷ ትንደረደርና ትነሳለች። የምሄደውም መጨረሻው ቁልቁለት ወደሆነ ቦታ ብቻ ሆነ። ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው የሻንቶው ሰው እንደሆነ ባትሪ በተሸከምኩ ቁጥር ለራሴ እነግረው ነበር።

ግን ናፍቆኝ ነበር። ይህን አሁን ሳልሸፍን እናገራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ ሲጮህ እሱ እየመሰለኝ እነሳ ነበር። እኔ ወላይትኛ ስናገር እንደ እሱ የሚስቅብኝ ሰው አልነበረም፤ ያ ሳቅ ቀርቶብኝ ወላይትኛውንም መናገር ተውኩ። አንድ እሑድ ነጠላዬን አጣፍቼ ከቤተ ክርስቲያን ስገባ ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ክረምቱ አልቆ ዘንድሮ ጊፋታ ሲቃረብ የባለቤቴ አጎት ደወሉ። የሻንቶ ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። የተጣላ ሰው ቂሙን ይዞ አዲስ ዓመት አይሻገርም፣ እኔና የባለቤቴ ወንድም ዐርብ ፊታቸው እንድንቀርብ ነገሩኝ። ደንቡን አውቀዋለሁ። ቅር ያለው አስቀድሞ ይናገራል፤ ቅር የተባለበትም መልስ ይሰጣል፤ ያጠፋው ሳያድበሰብስ አጥፍቻለሁ ይላል፤ ከዚያ ማዕዱ ይቀርባል። "ያለህን ይዘህ ና" ብለው ስልኩን ዘጉ።

ባለቤቴ ያን ምሽት አጠገቤ ተቀምጣ አሳቧን ነገረችኝ። እሷ ጊፋታን ወንድሟ ቤት ነው የምትውለው። ዕርቁ ከቀረ ከእንግዲህ በዓል ለሁለት ተከፍለን ልንኖር ነው፤ እኔ እዚህ፣ እሷ እዚያ። "ሁለታችሁንም በአንድ ማዕድ ካላየሁ ለእኔ በዓል የለም" አለች። አልቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሰማሁት ያለህን ይዘህ ና የሚለውን ብቻ ነው። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ያለኝ ማስረጃ መሆን አለበት። ባትሪው ብልሹ እንደነበር የሚመሰክር ባለሙያ አግኝቼ፣ ወረቀት አጽፌ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ዘርግቼ፣ ከዚያ በኋላ በትልቅ ልብ ይቅር ልለው አሰብኩ። ይቅርታዬን ሳይቀር ተለማምጃለሁ።

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት መኪናዋን በቁልቁለት አስነስቼ በአርባ ምንጭ መውጫ ማንጎ ዛፍ ሥር ወደሚሠሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሄድኩ። የሁምቦ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከእኔ ይበልጣል፤ መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ከግሬደርና ከቡልዶዘር ጋር ያረጁ። የሚቸኩል ሰው እሳቸው ጋ አይሄድም ይባላል። እስካሁን ያልሄድኩትም ለዚህ ነው።

ስደርስ የምፈልገውን በአጭሩ ነገርኳቸው። ሁለት ባትሪ ሞቶብኛል፣ ሁለቱም ከአንድ ሱቅ ነው፣ መርምረው ብልሹ መሆኑን ይጻፉልኝ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሰሙኝ።

"ወረቀት ኋላ እንጽፋለን መምህር" አሉኝ። "መኪናው ደህና የነበረችበት የመጨረሻ ቀን መቼ ነው?"

የአሠራራቸው ነገር ይህ ነው። ሌላው መካኒክ የታመመችበትን ቀን ይጠይቃል፤ እሳቸው ደህና የነበረችበትን። ካልነገሯቸው መፍቻ አያነሱም። አሰብኩና ያለፈው ጊፋታ ሰሞን አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ምን እንደነካሁ ጠየቁኝ። ምንም አልኳቸው። "መኪና ሳይነኩት አትታመምም" አሉና መቀመጫውን አነሱ።

ሞተሩ እየሠራ ነው። ቮልት የሚለኩበትን ቴስተር አውጥተው ሁለቱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ፤ አንተ አስተማሪ ነህ፣ አንተው ለካ አሉኝ። መጀመሪያ ዲናሞው ላይ አስያዙኝ። አሥራ አራት ቮልት አለፍ ብሎ አሳየ፤ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ አስያዙኝ። አሥራ ሁለት፣ ከዚያ ፈቅ አይልም። ልቤ ደስ አለው። ይኸው ዲናሞው ይሰጣል፣ ባትሪው አይቀበልም አልኳቸው።

"አልተቀበለም ነው ወይስ አልደረሰውም?" አሉኝ።

እሳቸውም መልሴን አልጠበቁም። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመኪናዋ ባዶ ብረት ላይ እንዳሳርፍ በጣታቸው አሳዩኝ። ኔጌቲቩ አጭር ወፍራም ገመድ አለው፤ ከባትሪው ተነስቶ ወለሉ ላይ በብሎን ይታሰራል፤ የመኪናዋ አካል በሙሉ የመመለሻ መንገድ የሚሆነው በዚያች ገመድ ነው። "ስንት መሆን አለበት?" ሲሉ ጠየቁኝ፤ ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ ተንተባትቤ ዜሮ አልኳቸው። ገመድና ብረት ከተነካኩ በመካከላቸው ልዩነት አይኖርም።

ቴስተሩ ሁለት ቮልት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

እሳቸው አንድ ትርፍ ወፍራም ገመድ አመጡና ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ባዶ ብረት አገናኙ። ባትሪው ላይ ያለው ቁጥር ወደ አሥራ አራት ተጠጋ። አነሱት፣ ወረደ። መለሱት፣ ወጣ። ነገሩ ገብቶኛል፤ ግን ስላልተናገርኩ ሦስት ጊዜ አሳዩኝ። መመለሻው ተበላሽቷል። ዲናሞው ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ነበር፤ ባትሪው ግን ሲራብ። ቀይዋ መብራትና የፊት መብራቱም የሚያሳዩት የዲናሞውን ደህንነት እንጂ ባትሪው መብላት አለመብላቱን አልነበረም።

ሞተሩን አጥፍተው ብሎኑን ፈቱ። ገመዱ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ብረት አረንጓዴ ነው። የሚያምር፣ ወፍራም፣ ሁለት ዙር የተቀባ አረንጓዴ። ዳር ዳሩን ደግሞ ክረምቱ ገብቶበት ዝጓል። ብሎኑም ክሩ ድረስ ቀለም ጠጥቷል።

"ይህ ቀለም ከየት መጣች?"

"ከበሬ" አልኳቸው። "ከግቢዬ በር ነው የተረፈው።"

ሰውዬው ሳቁ። ቆመው መሳቅ ሲያቅታቸው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። እኔም መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በማን ላይ እንደምናደድ ስፈልግ ከራሴ በቀር ሰው አጣሁ፤ ከዚያ ሳቄ መጣ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለችውም ሴት ከእኔ አትከፋም። ሁለት ባትሪ ገድዬ፣ አንድ ሰው በገበያ ፊት አዋርጄ፣ ይህን ሁሉ ወር ሳኮርፍ የከረምኩት አረንጓዴ ቀለም እንዳይባክን ብዬ ነው።

ግን አዲስ ባትሪ ሲገባ ለምን ጥቂት ሳምንት ይሠራ ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። ባትሪ ሲቀየር ገመዱ ይነቃነቃል፣ ብረት ከብረት ትንሽ ይነካካል፤ ርጥበት ሲገባበት ደግሞ መልሶ ይዘጋል አሉኝ። ቀለሙን በካቻቢቴ ፍቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው፣ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ አጸዱት፤ አዲስ ብሎን አስገብተው ላዩን ግራሶ ቀቡት። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ገና ሳልጨርስ ሞተሩን አስነሳው። በዚያ ድምፅ ውስጥ የአባቴ መኪና ድሮ የነበራትን ጉልበት ሰማሁ። ባትሪውስ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ከሻንቶ የመጣው ሁለተኛው እሱ ነውና።

"ባትሪዋ ደህና ነው። ርቦት ነበር እንጂ አልሞተችም።" ከዚያ እጃቸውን እየጠረጉ፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳቅ ሳይታይ፣ "አሁን ወረቀቱን ልጻፍልህ?" አሉኝ።

አረንጓዴውን ብሎን ለመንኳቸውና ኪሴ ከተትኩት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ከሥራ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ብሎኑን መዳፏ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች፤ ስትስቅ ቆየችና እንባዋን በጋቢዬ ጫፍ ጠረገች። "አላልኩህም ነበር? እግዚአብሔር አይቶታል" አለችኝ። አላለችም ነበር፤ ያልኩት እኔ ነኝ። ግን አላረምኳትም።

በማግስቱ ሻንቶ የገበያ ቀን ነው። ሱቁ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ሜዳ ነው፤ ለወራት እንዲህ ያለ ቦታ መኪና አቁሜ አላውቅም። አቁሜ ሞተሩን አጠፋሁት። ከሱቁ ጀርባ አጎትየውና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ የባለቤቴ ወንድም ትይዩ ቆሟል። ፀጉሩ ሸብቷል። እነዚህን ሁሉ ወራት ሳላየው ሽበት ማውጣቱ የሆነ ነገር የተሰረቅኩ ያህል ከፋኝ። በወላይትኛ ሰላምታ ሳሮ ተባባልን፤ እሱ ግን ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ቅር ያለው ይናገር ተባለ። ቅር ያለኝ እኔ ነበርኩ። ብሎኑን ከኪሴ አውጥቼ መካከል ካለችው በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ባትሪው ደህና ነበር። መንገዱን በገዛ እጄ ቀለም ቀብቼ ዘጋሁበት። የተናገርኩህ ስህተት ነው፤ ይቅር በለኝ።"

ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳሁ። አጎትየው ብሎኑን አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉና በጥፍራቸው ጫር ጫር አድርገው ለባለቤቴ ወንድም ሰጡት። እሱ በጣቱ አዟዟረው። ሊስቅ ነው ብዬ ስጠብቅ ዓይኑን ከመሬት አንስቶ አየኝ።

"ጋሼ፣ እኔ ራሴን ተጠራጥሬ ነበር" አለ። "ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልለካ የሸጥኩት ባትሪ የለም። ሁሉም ደህና ናቸው። ሁሉም ደህና ሲሆኑ ደግሞ የት እንዳጠፋሁ ሳስብ ነው የከረምኩት።"

ይህን አልጠበቅሁም። እኔ እዚያ ቤት ተቀምጬ እሱን ስወቅስ፣ እሱም እዚህ ሆኖ ራሱን ሲወቅስ ነበር። ሽማግሌዎቹ በቃ፣ ተቃቀፉ አሉን። እኔ ግን አልበቃኝም። የተናገርኩት በገበያ ቀን፣ በሰው ፊት ነው፤ እዚህ ጓሮ ውስጥ ብቻ ይቅርታ ብጠይቅ ዕዳዬ ግማሹ ይቀራል። አጎትየውን አስፈቅጄ ወደ ሱቁ ደጃፍ ወጣሁ።

ሱቁ ውስጥና ውጭ አሥር የሚሆን ሰው አለ። ብሎኑን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ለወራት ባልተናገርኩት ወላይትኛ፣ ባለፈው ጊዜ እዚህ ቆሜ የተናገርኩት ውሸት መሆኑን፣ የዚህ ሱቅ ባትሪ ደህና መሆኑን፣ ያበላሸሁት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ቋንቋው ሲሰባበር ይሰማኛል። አንዲት ቅቤ ሻጭ ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ከኋላዬ ያ የማውቀው ሳቅ መጣ። የባለቤቴ ወንድም በሱቁ መቃን ተደግፎ፣ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አንዷን ቃል ደግሞ አርሞ አስደገመኝ፤ ሰዉም አብሮ ሳቀ። እንዲያ ያለ ውርደት ይደጋገምልኝ።

ገብተን በላን። ከሥጋው ጋር የቀረበው የቃሪያ ዳጣ ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ዳጣው ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ ግን ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ለጊፋታ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ሥጋው የት እንደሚታረድ ተነጋገርን። ብሎኑ ሱቁ ውስጥ ባትሪዎቹ ካሉበት መደርደሪያ በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እሱ ነው የሰቀለው፤ ደንበኛ ሲጠይቀኝ አንተን እጠቅሳለሁ ብሎኛል።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ተነሳን። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀመጠች። እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ፤ ባትሪው ሞልቷል፣ ሞተሪኖው ጤነኛ ነው፣ ሩብ ዙር ብቻ ነው የሚበቃት። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ የባለቤቴ ወንድም ኮቱን እያወለቀ ነው። በመስኮት በኩል ለእህቱ አቀበላትና ወደ ኋላ ዞረ።

"አሁን እኮ በራሷ ትነሳለች" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ።

ቁልፉን ከፈትኩ፣ አላስነሳሁም። ፍሪሲዮን ረግጬ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና ጠበቅሁት። መኪናዋ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች፤ የጫማው ኮቴ ከኋላ ይሰማኛል፤ ቀድሞ ከሚሰማኝ ይልቅ የዘገየ ነው፣ ሁለታችንም አርጅተናል። ሜዳው መሀል ስንደርስ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁት። ሞተሩ ተነሳ፤ ቀይዋ መብራት ጠፋች። እሮጣለሁ ብሎ እንዳይደክም ፍጥነቴን ቀነስኩ።

ጣሪያውን ሁለቴ መታው።